ቿ ብሎ የሚከፈት ሰንጢ ለማን ይጠቅማል?

ከኦሎምፒያ ወደ ደንበል በሚወስደው የእግረኛ መንገድ ላይ፣ አመሻሹ ላይ፣ አዟሪው ሰንጢ ሲሸጥ የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ ነው። አውራ ጣቱን ቁልፉ ላይ ያሳርፋል፤ ቿ! ስለቱ ይወጣል። ያጥፈዋል፤ ደግሞ ቿ! ገዢው ፈገግ ይላል፤ ተቀብሎ ራሱ ይሞክራል፤ ዋጋ ይከራከራል፤ ኪሱ ከትቶ ይሄዳል። ይቆርጣል ወይ ብሎ የጠየቀ የለም። አንድ ብርቱካን እንኳ አልተላጠበትም።

በየካፌው ስለ ሰንጢ የሚነሳው ወሬም ከዚህ ፈቀቅ አይልም። «የኔ በአንድ ጣት ነው»፣ «የኔ ባለ ሞላ ነው»፣ «ያንተማ እስኪከፈት ይመሻል!» ፍጥነት የጥራት መለኪያ ሆኖ አረፈው።

እስቲ ይቆጠር። የድሮው ሰንጢ፣ በጥፍር ተስቦ በሁለት እጅ የሚከፈተው፣ ሁለት ቢበዛ ሦስት ሰከንድ ይፈጃል። ባለ ሞላው ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። ልዩነቱ ሁለት ሰከንድ ይሁን። አንድ ሰው በቀን አሥር ጊዜ ሰንጢ ቢከፍት (ማን ነው አሥር ጊዜ የሚከፍተው? ግን ይሁንላቸው) በቀን 20 ሰከንድ፣ በዓመት 7,300 ሰከንድ ያተርፋል። ሁለት ሰዓት መሆኑ ነው። በዓመት! የኦሎምፒያ የትራፊክ መብራት ሁለት ሰዓት ለመብላት ስንት ቀን እንደሚበቃው በዚያ የሚመላለስ ሁሉ ያውቀዋል።

ለመሆኑ ሰንጢ በዚህ ሰፈር ምን ይሠራል? ካርቶን ይከፍታል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ይልጣል። ማንጎ ይልጣል። ገመድ ይቆርጣል፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ሲፈርስ ፍራሽና ቁም ሣጥኑን አይሱዙ ላይ ጭኖ ያሰረ ሁሉ ገመድ ቆርጧል። ከእነዚህ ውስጥ በሁለት ሰከንድ መዘግየት የሚበላሽ ሥራ አንድም የለም። በዱልዱም ስለት ግን ሁሉም ይበላሻሉ። ዱልዱም ሰንጢ ጉልበት ይጠይቃል፤ ጉልበት ሲጨመር ያዳልጣል፤ ሲያዳልጥ የሚያገኘው ካርቶኑን የያዘውን እጅ ነው።

ይህን ከቁርጥ ቤት በላይ የሚያስተምር የለም። ሥጋውን በጥርሱ ነክሶ ከከንፈሩ አጠገብ የሚቆርጥ ሰው አፍንጫውን ያመነው ለስለቱ ነው። ቆራጩም በየመሐሉ ቢላውን ሞረድ ላይ ያንሸራትታል። ቢላው ገበታው ላይ በምን ፍጥነት እንደደረሰ የሚጠይቅ ደንበኛ የለም። ካልቆረጠ ግን «ይሄን ቀይርልኝ» ይላል። ያው ሰው ከቁርጥ ቤቱ ወጥቶ ሰንጢ ሲገዛ ይህን እውቀቱን የት እንደሚጥለው ግራ ያጋባል።

በዓለም ላይ ስም ያተረፉት የኪስ ቢላዎችም በፍጥነት አልተነሱም። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ኦፒኔል የእንጨት እጀታ ያለውን ሰንጢውን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። እስከ ዛሬ የሚከፈተው በሁለት እጅ ነው። በ1955 ማሻሻያ ሲጨመርለትም የተጨመረው ሞላ አልነበረም፤ የተከፈተው ስለት ጣት ላይ እንዳይታጠፍ የሚቆልፍ ቀለበት ነበር። የስዊዙ ቪክቶሪኖክስም ለአገሩ ጦር ከ1891 ጀምሮ ሲያቀርብ የኖረው በጥፍር የሚከፈት ሰንጢ ነው። ወታደር ነው እንግዲህ! ቸኩያለሁ የሚል ካለ እሱ በቀደመ።

እዚህ ላይ የፍጥነት ወዳጆች አንድ እውነት አላቸው፤ መካድ አይገባም። መሰላል ላይ ቆሞ በአንድ እጁ ሽቦ የያዘ ኤሌክትሪሺያን ሁለተኛ እጅ ከየት ያመጣል? የተወጠረ ገመድ የያዘ ጫኝ፣ አንድ እጁን ያጣ ሰው፣ ጥፍሩ የማይታዘዘው ሽማግሌ፣ ለእነዚህ በአንድ እጅ መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው። የስዊዝ ጦርም በ2008ቱ ሞዴል ስለቱ ላይ ቀዳዳ ያለው፣ በአውራ ጣት የሚከፈት ሰንጢ መርጧል። ቀዳዳውን ቀደም ብሎ በ1981 ያስተዋወቀው ስፓይደርኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ነገር ግን ይህ የአንድ እጅ ጉዳይ ነው። መሰላል ላይ ያለው ሰው የፈለገው አንድ እጁን ነፃ ማድረግ ነው፤ ስለቱ ቀስ ብሎ ቢወጣለት ደስታውን አይችለውም፣ መሰላል ላይ ነዋ! ሻጩ ሁለቱን ቀላቅሎ ይሸጣል፤ ገዢውም ቀላቅሎ ይገዛል።

ሞላው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የኪስ ብናኝና የመንገድ አቧራ ይገባበታል። ርካሹ ሰንጢ ላይ ቁልፉ ልል ስለሆነ ኪስ ውስጥ ሊከፈት ይችላል፤ የት አካባቢ እንደሚከፈት መናገር አያስፈልግም። ዋናው ችግር ሲዘጋ ነው። ብዙዎቹ በእጀታው ውስጥ ባለች ቀጭን ብረት የሚቆለፉ ናቸው። ብረቷን ለመግፋት አውራ ጣት ስለቱ በሚመለስበት መንገድ ላይ መግባት አለበት። በዝግታ ካልሆነ ያ ጣት ይቆረጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህም ይሠራል።

አሁን ወደ እውነተኛው ምክንያት። ቿ የሚለውን ሰንጢ የሚገዛው ወጣት ማንጎ አላሰበም። ያሰበው ማታ ከሥራ ሲመለስ ስልኩን የሚመነትፈውን ሌባ ነው። ፍርሃቱ የውሸት አይደለም፤ ሊላገጥበትም አይገባም። ግን ስሌቱ አይሠራም። መንታፊው ስልኩን ይዞ ሲፈተለክ ባለቤቱ ገና «ምንድን ነው?» እያለ ነው። ከዚያ እጅ ጃኬት ሥር ይገባል፣ የጂንስ ኪስ ይፈልጋል፣ ቁልፍና ሳንቲም ያልፋል። ጊዜ የሚፈጀው ይሄ ሁሉ ነው። ሞላው የሚያተርፈው የመጨረሻዋን ቅንጣት ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ በሁለት ሰው መካከል ተጣብቆ ለተቀመጠ ደግሞ ያቺንም አያተርፍም።

ያቺ ቅንጣት ጊዜ የምትሠራበት ቦታ ሌላ ነው። ካዛንቺስ መጠጥ ቤት በር ላይ፣ ሁለት የሚተዋወቁ ጎረምሶች፣ በሂሳብ ወይም በሴት ወይም በምንም። በዚህ አገር ጠብ መሐል ሁልጊዜ ገላጋይ አለ። «በሕግ አምላክ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ወገቡን ይዞ ይጎትታል፣ ሌላው መሐል ይገባል፣ አስተናጋጇ ትጮኻለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው በሁለትና በሦስት ሰከንድ ውስጥ ነው። በሁለት እጅ፣ በጥፍር ካልሆነ የማይከፈት ሰንጢ ለገላጋይ ጊዜ ይሰጣል። የያዘውም ሰው ጥፍሩን ሲያስገባ ምን እያደረገ እንደሆነ ለማየት ዕድል ያገኛል። ባለ ሞላው ይህን ሁሉ ይዘላል፤ ንዴቱ ሳይበርድ ስለቱ ውጪ ነው። በነጋታው አንዱ ሆስፒታል፣ ሌላው ጣቢያ፤ ሁለቱም እናቶች ምግብ ይዘው በር ላይ።

ሌሎች አገሮች ይህን ከእኛ ቀድመው አይተውታል። አሜሪካ በ1958 ባለ ሞላ ሰንጢ ከግዛት ወደ ግዛት እንዳይነገድ ከለከለች፤ እንግሊዝ በ1959 ተከተለች፤ ጀርመን ከ2008 ጀምሮ በአንድ እጅ ተከፍቶ የሚቆለፈውን እንኳ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ ከለከለች። ሕጎቹ ሁሉ ብልህ ነበሩ ማለት አይደለም። ኒውዮርክ በእጅ ውርወራ የሚከፈት ቢላን የከለከለችበትን ሕግ በ2019 የሻረችው የሥራ ቢላ የያዘ ሠራተኛን ሁሉ ስላሳሰረ ነው። ክልከላ እንደ ፋሽን ሲሆን ድሃ ይጎዳል። ለዚህም ነው ጉዳዩ ለፖሊስ ከመድረሱ በፊት ገዢው ጋ ማለቅ የሚገባው።

ፍተሻውም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ ባንክ፣ መሥሪያ ቤት፣ የገበያ ሕንጻ ሲገባ ኪስ ይዳበሳል። ትንሽ፣ ባለ ጥፍር መክፈቻ ሰንጢ ጥበቃው አገላብጦ «ስትወጣ ትወስዳለህ» ሊለው ይችላል። ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ተነክቶ ቿ የሚል ሲያገኝ ግን ፊቱ ይቀየራል። በዚያ ቀን የኮንዶሚኒየም ክፍያ ለመክፈል የሄደ ሰው የሁለት ሰከንድ ትርፉን ለጥበቃው ሲያስረዳ ሃያ ደቂቃ ይቆማል።

ሰንጢ የሚያስፈልገው ሰው ይግዛ። አዟሪው ቿ ማለቱን ሲጨርስ ሰንጢውን ከእጁ ተቀብሎ ይክፈተው፤ የስለቱን ጀርባ በመዳፉ ገፋ ያድርግ፤ ከታጠፈ ይመልስለት። በእጀታው መጋጠሚያ ግራ ቀኝ ይነቅንቀው። ከዚያ ከኪሱ የሱቅ ደረሰኝ አውጥቶ አንዴ ይሞክርበት። አዟሪው «በወረቀት አይሞከርም» ካለው፣ ሃምሳ ሜትር ሳይሄድ ሌላ አዟሪ ያገኛል።