ከመቶው አርባ አራቱ ወዴት ሔደ?

በድሬዳዋ ከተማ ዙሪያ የኖራ ድንጋይ በብዛት እንደሚገኝ የታወቀ ነው። ሲሚንቶም ያለዚህ ድንጋይ አይሠራምና፥ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣልያን ወረራ ዘመን የተተከለው በዚሁ ከተማ ነበር። እንግዲህ የድሬዳዋ መምህር ለተማሪዎቹ የኬሚስትሪ የቤት ሥራ ለመስጠት ቢፈልግ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር መሔድ አያሻውም። «አንድ መቶ ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በእቶን ቢቃጠል ስንት ኪሎ ኖራ ይወጣዋል?» ብሎ ይጠይቅ።

መልሱ 56 ኪሎ ነው። ነገር ግን ይህን ቍጥር ከጓደኛው ደብተር፥ በዛሬውም ጊዜ ከእጅ ስልክ ገልብጦ የሚያመጣ ተማሪ ብዙ ነው፤ መምህሩም ቍጥሩን ብቻ አይቶ «ትክክል» ይልለታል። በእኛ አስተያየት ጥፋቱ ከተማሪው ይልቅ የእርማቱ ነው።

ምክንያቱን እንግለጽ። የኖራ ድንጋይ ከካልሲየም፥ ከካርቦንና ከኦክሲጅን የተሠራ ነው። ካልሲየሙ 40፥ ካርቦኑ 12፥ ሦስቱ ኦክሲጅን እያንዳንዱ 16 ሆኖ 48 ይመዝናል፤ ድምሩ 100 ነው። እሳቱ ሲበረታበት ካርቦኑ ሁለቱን ኦክሲጅን ይዞ በአየር መልክ ይወጣል፤ ይኸውም 44 ነው። በእቶኑ የሚቀረው 56 ኖራ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ላቯዚዬ በ1789 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ ቁስ መልኩን ይለውጣል እንጂ ክብደቱ አይጠፋም። ስለዚህ መምህሩ «ስንት ቀረ» ብቻ ሳይሆን «አርባ አራቱ ወዴት ሔደ» ብሎም ይጠይቅ። ቀጥሎም ድንጋዩ ከመቶ አሥር እጅ አፈር ተቀላቅሎበት ቢሆንስ ብሎ ይለውጥበት። የገለበጠው ተማሪ 56ቱን ደግሞ ይጽፋል፤ ነገሩ የገባው ግን ኖራው 50 ኪሎ ከ400 ግራም መሆኑን አስልቶ ይመልሳል።

ይህ ዘዴ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ራሱ ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰሙን ከወርቁ እያመሳከረ ያርመዋል። የሌላውን ቅኔ ይዞ የቀረበ እንደ ሆነ ፍቺውን በተጠየቀ ጊዜ ይገለጣል። የኬሚስትሪ መምህር ከመሪጌቶቻችን የሚማረው የለም የሚል ቢኖር አንስማማም።

ጉዳዩ ቀላል የሚመስለው ሰው የ2014 ዓ. ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ያስታውስ። ያ ፈተና በ2015 ዓ. ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በጥብቅ ቍጥጥር በተሰጠ ጊዜ፥ የነጥቡን እኩሌታና ከዚያ በላይ ያገኙት ተፈታኞች ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ።

ብዙ ተማሪ የያዘ መምህር የሁሉንም ደብተር በየዕለቱ መርምሮ ማረም እንደማይችል አንዘነጋም። ስለዚህ አሥር ጥያቄ ሰጥቶ መልሱን ብቻ ከሚያይ መምህር ይልቅ፥ ሁለት ጥያቄ ሰጥቶ ከነአሠራሩ የሚያርመውን የትምህርት ሹማምንት ቢያመሰግኑት የተሻለ ነው። በየዕለቱም ሦስት ወይም አራት ተማሪ ከሰሌዳው ፊት ቆሞ ስሌቱን በቃሉ ያስረዳ፤ ቢሳሳትም አይሣቅበት። ከነጥቡም እኩሌታው ለአሠራሩ ይያዝ።