ጨዋታው የማን ነው? ስሙስ?

ሁለት የኮልካታ ወንድማማቾች የሠሩት «ስክራቡለስ» እ.ጎ.አ. በ2008 በፌስቡክ ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የየዕለት ተጫዋቾች ነበሩት። ነገሩ ግን ፊደላት ተገጣጥመው ቃል የሚመሠረትበት ዝነኛው «ስክራብል» ነበር።

የስክራብል ባለመብት በአሜሪካና በካናዳ ሃስብሮ፣ በተቀረው ዓለም ማቴል በመሆኑ ክሱ ከሁለት አቅጣጫ መጣ። ሃስብሮ በሐምሌ ወር ኒው ዮርክ ውስጥ ክስ በመሠረተ በቀናት ውስጥ ጨዋታው ለአሜሪካና ለካናዳ ተጠቃሚዎች ተዘጋ። ብዙ ተጫዋቾች የተቆጡት በአስመሳዮቹ ሳይሆን በባለመብቱ ላይ ነበር። ኩባንያዎቹ የራሳቸውን የኢንተርኔት ስክራብል ለማቅረብ መዘግየታቸው ቁጣውን ሳያባብሰው አልቀረም።

ይበልጥ ትኩረት የሚሻው የዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት በእግድ ጥያቄው ላይ የሰጠው ብይን ነው። ማቴል የሰሌዳው ባለቀለም አራት ማዕዘኖች አደራደር በቅጂ መብት እንዲጠበቅለት ቢጠይቅም ችሎቱ አልተቀበለውም፤ አደራደሩ ከጨዋታው ደንብ የማይነጠል ነውና፤ ደንብ ደግሞ ሐሳብ እንጂ የፈጠራ ድርሰት አይደለም። «ስክራቡለስ» የሚለው ስያሜ ግን ከንግድ ምልክቱ ጋር ስለሚያምታታ ታገደ።

ሃስብሮ ከስምምነት ተደርሶ በታኅሣሥ ክሱን አነሳ። ወንድማማቾቹም ጨዋታቸውን «ሌክሱለስ» ብለው ቀጠሉ።