የግቢ ፏፏቴና የሻጩ አደራ

በአዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. የአንድነትና የወዳጅነት ፓርኮች ከተከፈቱ ወዲህ የሚፈስ ውሃ ለግቢ ጌጥ መሆኑ በብዙ ሰው ዘንድ ተወድዷል። በደሴና በኮምቦልቻም ቤት የሚያሠራው ወይም ሆቴሉን የሚያድሰው ሰው በተፈጥሮ ድንጋይ የተሠራ ፏፏቴ ቢመኝ የሚነቀፍ አይደለም። ለነጋዴውም ነገሩ ገበያ ነው፤ ፓምፕ ይሸጣል፤ ቧንቧ ይሸጣል፤ ሲሚንቶና የኤሌክትሪክ ገመድ ይሸጣል። ነገር ግን ፏፏቴ እንደ ወንበርና እንደ መጋረጃ ተሸጦ የሚረሳ ዕቃ አይደለም። የሚታየው ድንጋይ የሥራው ትንሹ ክፍል ነው፤ ትልቁ ክፍል ከድንጋዩ በታች ያለው ነው። ስለዚህ ሻጩ ፓምፑን ብቻ ሳይሆን ሥራውን ከነጥገናው መሸጥ ይገባዋል የሚል አሳብ አለኝ።

ድንጋዩን ከውጭ አገር ማስመጣት ከቶ አያስፈልግም። አገራችን በጥቁር ድንጋይ የታወቀች ናት። የቦርከና ወንዝ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል 600 ሜትር ያህል የከፍታ ልዩነት አለና፣ በዶሮ መዝለያ በኩል ውሃ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እንዴት እንደሚዘል ለግንበኛ ያስተምራል። ትላልቆቹ ድንጋዮች ከታችና ከጎን ሆነው ይሸከማሉ፤ ውሃው የሚወርድበት ሰፊና ጠፍጣፋ ድንጋይ ጥቂት ወደ ፊት ያዘነብላል። ግንበኛው ይህን ጠርዝ በውሃ ልክ ካላስተካከለው ውሃው በአንድ ወገን ብቻ ይወርዳል፤ የቀረው ድንጋይ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ድንጋዩም ከታወቀ ካባ ይገዛ እንጂ ከወንዝ ዳር አይነቀል፤ ዳሩን ከጎርፍ የሚጠብቀው እርሱ ነውና።

አሁን ከድንጋዩ በታች ወዳለው ነገር እንምጣ። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ የመሬት መንሸራተትም ያልተለየው አገር ነው። ተዳፋትን ከሚያናጉት ነገሮች አንዱ ወደ ውስጥ የሚሰርግ ውሃ ነው። ከላይኛው ግቢ ገንዳ በቀን ጥቂት በጥቂት የሚያፈስ ውሃ የታችኛውን ጎረቤት ደጋፊ ግንብ ከኋላው ያከብደዋል፤ አፈሩንም ያላላዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ሲሚንቶ ብቻውን ውሃ ይይዛል ብሎ መታመን አይገባም፤ መሬቱ ጥቂት ሲቀመጥ ይሰነጠቃልና። ከግንቡ በታች ጂኦመምብሬን ይነጠፍ፤ ጠርዙም ከውሃው ከፍ ብሎ ይታጠፍ፤ በደጋፊው ግንብ ላይ የውሃ መተንፈሻ ቀዳዳ ይተውለት፤ ትርፉም ውሃ ወደ ጎረቤት ሳይሆን ወደ ቦይ ይመራ። ድንጋዩ ከመደርደሩ አስቀድሞ ገንዳው ተሞልቶ፣ ምልክት ተደርጎበት፣ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ይታይ። ፀሐይና ነፋስ ከሚወስዱት ጥቂት ውሃ በላይ ከጎደለ ሥራው አላለቀም ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር የውሃው ምንጭ ነው። ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠርዝ ደህና አድርጎ እንዲሸፈን በሰዓት 4,500 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። ይህ ውሃ ከቧንቧ ተከፍቶ ወደ ቦይ የሚሄድ ቢሆን፣ በ4 ሰዓት 18,000 ሊትር፣ ይኸውም ባለ 200 ሊትር በርሜል 90 በርሜል ይጠፋል ማለት ነው። ቧንቧ ውሃ የሚል ስም ያለው ሰፈር ባላት ከተማ፣ ቧንቧ ሲቋረጥ ጀሪካን ይዞ የሚጠብቅ ጎረቤት እያለ፣ እንዲህ ያለው ጌጥ ክብር ሳይሆን ነቀፌታ ያመጣል። ስለዚህ ያው ውሃ በፓምፕ እየተመለሰ መዞር አለበት። የሚጎድለውንም የክረምት ዝናብ ይተካው፤ 100 ካሬ ሜትር በሆነ ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ እስከ 2,000 ሊትር ይገኛልና። አሸንዳና ሮቶ ያለው ሰው ለበጋው ስንቅ አለው።

ሦስተኛው የፓምፑ ጉዳይ ነው፤ ይህም በቀጥታ እኛን ይመለከታል። በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የሊትር ቁጥር ፓምፑ ውሃውን ከፍ ሳያደርግ የሚሰጠው ነው። ውሃው 2 ሜትር ሽቅብ ሲወጣ፣ ቧንቧው ሲጠብና ክርኑ ሲበዛ ቁጥሩ ይቀንሳል። ይህን ሳይነግር የሚሸጥ ባለሱቅ ገዢውን ባያታልለውም አላገለገለውም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ንሯል። እንግዲህ በአንድ ጎሚኒ ወይም በአንድ መዘውር ጉድለት ሙሉ ፓምፕ መጣል ለገዢውም ለአገርም ኪሳራ ነው። አስመጪው ማዘዣ ሲጽፍ መለዋወጫውን አብሮ ይዘዝ። ኤሌክትሪክ ወደ ውሃው ሲያመልጥ ራሱ የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያም ከፓምፑ ጋር ይሸጥ፤ ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ ይህ እንደ ትርፍ ወጪ አይቆጠርም።

ጥገናው ከባድ አይደለም፤ መዘንጋቱ ነው የሚከብደው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ውሃውን ያጠቁራል፤ ማጣሪያውንም ይደፍናል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ይለቀም። በበጋ ውሃው ሲጎድል ፓምፑ በደረቅ እንዳይዞርና እንዳይቃጠል ልኩ ይታይ። በመስከረም፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ የግንቡ መገጣጠሚያ ይመርመር። በተለይ ሞቃት በሆነችው በኮምቦልቻ መብራት ጠፍቶ ወይም ፓምፑ ተበላሽቶ ውሃው ሳምንት የሚቆም ከሆነ ገንዳው ይድረቅ፤ የወባ ትንኝ በቆመ ውሃ ውስጥ ለመራባት ብዙ ቀን አያስፈልጋትምና።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የተጎዱ ቤቶችና ሱቆች ባሉበት አገር ፏፏቴ ቅንጦት ነው የሚል ሰው ይኖራል። ውሃው የሚባክን፣ ግንቡም ጎረቤትን የሚያሰጋ ከሆነ እውነቱን ነው። በደንብ የተሠራ እንደ ሆነ ግን ለድንጋይ ጠራቢው፣ ለግንበኛው፣ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛውና ለአትክልተኛው እንጀራ ነው። በብዙ ከተሞቻችን የኮብልስቶን ሥራ ድንጋይ መጥረብን ለወጣቶች አስተምሯል፤ ያ እጅ ሥራ ፈትቶ እንዳይቀመጥ ከምናደርግባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

እንግዲህ ክቡራን ነጋዴዎች፣ በምንሰጠው ፕሮፎርማ ላይ ከፓምፑ ዋጋ ቀጥሎ የውሃ መያዣው፣ የመለዋወጫውና የዓመት ጥገናው ዋጋ ይጻፍ። ገዢው ብዙ መስሎት ቢመለስ ይመለስ። ዛሬ በርካሽ ገዝቶ በሚቀጥለው ክረምት ከጎረቤቱ ጋር የሚካሰስ ደንበኛ፣ ወደ ሱቃችን ዳግመኛ አይመጣም።