ለ10 ዓመት ልጅ ሲሊንደር አታሸክሙ

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው።

ሰሞኑን ፌስቡክ በከፈትኩ ቁጥር ማልዲቭስ ነው። ከዱባይም፣ ከዲሲም፣ ከአዲስ አበባም ቤተሰቡን ይዞ የሄደ አለ። እሰየው! ለፍታችሁ ያገኛችሁት ነው፣ ተዝናኑ። እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። ከአባቱ ወገብ የማያልፍ ልጅ የአየር ሲሊንደር ታስሮለት ይታያል፣ ከሥሩ ደግሞ «ፈርቶ ነበር፣ ግን አሳመንነው! የኔ ጀግና!» የሚል ጽሑፍ። ላይኩ ይዘንባል። «ለምን ታሳምኑታላችሁ?» የሚል ግን አንድም ሰው የለም።

የቦይልን ሕግ ለፈተና ብቻ ካልሸመደዳችሁት አሁን አስታውሱት። ግፊት ሲጨምር አየር ይጨመቃል፣ ግፊት ሲቀንስ ይሰፋል። ባሕር ውስጥ 10 ሜትር ስትወርዱ ግፊቱ ላይ ካለው እጥፍ ይሆናል። እዚያ ታች ከሲሊንደር የሳበውን አየር ሳንባው ውስጥ ይዞ ወደ ላይ የወጣ ሰው፣ ያ አየር እጥፍ ልሁን ይለዋል። ሳንባ ያን አይችልም፤ ይቀደዳል። አየሩ ደም ውስጥ ገብቶ አንጎል ሊደርስ ይችላል። ለዚህ ደግሞ 10 ሜትር አያስፈልግም፤ ሁለት ሜትርም ይበቃል። የዳይቪንግ የመጀመሪያ ትእዛዝ «ትንፋሽህን አትያዝ» የሆነው ለዚህ ነው።

እስቲ አሁን የደነገጠ ልጅ አስቡ። መነጽሩ ውስጥ ውሃ ሲገባበት ምን ያደርጋል? ትንፋሹን ይይዛል፣ ሽቅብ ይሮጣል። ይህን ደመ ነፍስ ማሸነፍ ልምምድ ይጠይቃል፣ ጊዜ ይጠይቃል፣ ከሁሉም በላይ የራሱን ፍላጎት ይጠይቃል። «አሳመንነው» የተባለ ልጅ ይዞ የሚወርደው የአባቱን ፍላጎት ነው።

«ሕጉ ይፈቅዳል እኮ ቲቸር!» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ፓዲ ከ10 ዓመት ጀምሮ የጁኒየር ሰርተፊኬት ይሰጣል። ቀጥሎ ያለውንም አንብቡት እንጂ፦ የ10 እና የ11 ዓመት ልጅ ከ12 ሜትር በታች አይወርድም፤ የሚወርደውም ከወላጁ ወይም ከአሳዳጊው፣ አለዚያም ከባለሙያ ጋር ነው። ዳይቪንግ ደግሞ የጥንድ ሥራ ነው፤ አንዱ ሲቸገር ሌላው ያወጣዋል። አባትየው አምና ሰርተፊኬት የያዘ ጀማሪ ነው እንበል። ታች ላይ እሱን ራሱን ቢያመውስ? 80 ኪሎ ሰውዬ ጎትቶ የሚያወጣው የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነው?

«ውበቱ ርቀቱ ነው» የሚባልለት ደሴትም የራሱ ጣጣ አለው። ማልዲቭስ ወደ 1,200 የሚጠጉ ደሴቶች ከሰሜን እስከ ደቡብ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ የተበተኑባት አገር ናት። በዳይቪንግ የተጎዳ ሰው የሚታከምበት የግፊት ቻምበር ያላቸው ጥቂቶቹ ናቸው። ውሃ ላይ የሚያርፉት ትንንሽ አውሮፕላኖች ደግሞ ሲመሽ አይበሩም።

ለአዲስ አበባዎች ደግሞ የብቻችን ጉዳይ አለ። የጠለቀ ሰው ሰውነቱ ውስጥ የተጠራቀመው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ እስኪወጣ መብረር የለበትም። የተለመደው ምክር ከአንድ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለተደጋገመ ጠለቃ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ነው። ሌላው ቱሪስት አገሩ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ዝቅ ወዳለ ቦታ ይወርዳል። እኛ ቦሌ ስናርፍ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ነን፤ ይህ አውሮፕላን ውስጥ ከሚኖረው ከፍታ ብዙም አይለይም። በረራው አለቀ ማለት ለእኛ ከፍታው አለቀ ማለት አይደለም። «በመጨረሻዋ ጠዋት አንዴ እንጥለቅ» የምትሉ፣ ይህን አስቡ።

አንድ የማከብረው ክርክር አለ፦ «እኛ ውሃ ፈርተን አደግን፤ ልጆቻችን እንደኛ እንዳይሆኑ ነው።» እውነት ነው፣ ዋና ሳንችል ያረጀን ብዙ ነን። እንግዲያው ዋና አስተምሯቸው! ከዚያ ማስክና ስኖርክል ስጧቸው፣ ከአጠገባቸው አትራቁ። ምንም አይቀርባቸውም። ቀይ ብርሃን ገና በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውሃው ውስጥ ስለሚዋጥ፣ ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ሁሉም ነገር ወደ ሰማያዊና ግራጫ ይሄዳል። ኮራሉ ደምቆ የሚታየው ከላይ ነው። ኤሊዋም፣ ትንንሾቹ ሻርኮችም እዚያው ይመጣሉ።

ልጁ አድጎ፣ በ14ም በ16ም ይሁን፣ ራሱ «ልሞክር» ሲል አብራችሁት ሂዱ። እስከዚያ ግን «ፈራሁ፣ አልፈልግም» ያለን ልጅ ፈሪ አትበሉት፤ የገዛ አካሉን እየሰማ ነው። ያን ድምፅ ዛሬ ለአንድ ፎቶ ብላችሁ ዝም ካሰኛችሁበት፣ ነገ ጓደኛው «ና እንሞክር» ሲለው በየትኛው አፉ እምቢ ይበል?