ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ለመምህር ምን ይረባዋል?

«ሳይንሳዊ ልብ ወለድ» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ወደ ጨረቃ የሚወነጨፍ መንኮራኩር፣ ሦስት ዓይን ያለው ፍጡርና ጨረር የሚተፋ ጠመንጃ ነው። በዚህም የተነሳ «ይሄ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ነገ ስልሳና ሰባ ተማሪ ፊት ለሚቆም ዕጩ መምህር ምን ይረባዋል?» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጊዜያችን አጭር ስለሆነ የምናነበው ነገር መመረጥ አለበት። ይሁን እንጂ ከዚህ ዓይነቱ ድርሰት መካከል ጥሩ ጥሩዎቹ የሰውን አእምሮና የሰውን ሥነ ምግባር የሚመረምሩ፣ በተለይም ለመምህር የሚሆን ቁም ነገር ያዘሉ መሆናቸውን በዚህች አጭር ጽሑፍ ለማሳየት እሞክራለሁ።

እንደሚታወቀው የሳይኮሎጂ ትምህርት ስንማር ትርጓሜ እንጽፋለን። «የማሰብ ችሎታ ማለት...»፣ «ዝንባሌ ማለት...» እያልን ለፈተና እንሸመድዳለን። ፈተናው ሲያልፍ ትርጓሜውም አብሮ ያልፋል። የሥነ ምግባሩም ነገር እንደዚሁ ነው። «መምህር ተማሪዎቹን በእኩል ዓይን ማየት አለበት» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የማያውቅ ዕጩ መምህር በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ግን ክፍል ገብተን በእኩል ዓይን ሳናይ ስንቀር ራሳችንን የምናይበት መስተዋት ከየት እናመጣለን? ጥሩ ታሪክ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው።

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚነሳው ከአንድ ቀላል ጥያቄ ነው፦ «እንዲህ ቢሆንስ?» ደራሲው ከምናውቀው ዓለም አንድ ነገር ይለውጣል፤ ሰውን ግን እንዳለ ይተወዋል። ከዚያም ይህ ሰው በአዲሱ ሁኔታ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ይከታተላል። አሠራሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። አያቶቻችን አንበሳና ቀበሮን፣ ጅብና አህያን እያነጋገሩ ስለ ፍርድና ስለ ስግብግብነት ሲያስተምሩን ኖረዋል። «ጅብ አይናገርም» ብሎ ተረቱን ያቋረጠ ልጅ የለም፤ ነገሩ ስለ ሰው መሆኑን ልጁም ያውቃልና።

እስቲ ከጥንቱ እንጀምር። እንግሊዛዊቷ ሜሪ ሼሊ «ፍራንኬንስታይን» የተባለውን ልብ ወለዷን መጻፍ ስትጀምር ገና የ18 ዓመት ወጣት ነበረች። መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1818 ነው። ፍራንኬንስታይን የአስፈሪው ፍጡር ስም የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ስሙ ግን የፈጠረው ወጣት የሳይንስ ተማሪ ነው። ፍጡሩ ስም እንኳ አልወጣለትም። ፈጣሪው ሕይወት ዘርቶበት ዓይኑን ሲገልጥ መልኩን ጠልቶ ጥሎት ይሸሻል። የተጣለው ፍጡር በአንድ ጎጆ አጠገብ ተደብቆ፣ በቀዳዳ እያጮለቀ፣ የቤተሰቡን ንግግር እያዳመጠ ቋንቋ ይማራል፤ ማንበብም ይለምዳል፤ ሌሊት ሌሊት እንጨት እየለቀመ በስውር ይረዳቸዋል። በመጨረሻ ሲቀርባቸው በደግነት የሚያነጋግረው ዓይነ ሥውሩ ሽማግሌ ብቻ ነው። ዓይን ያላቸው መልኩን አይተው ደብድበው ያባርሩታል። ነፍስ ወደ ማጥፋት የሚሄደው ከዚህ በኋላ ነው።

እንግዲህ ክርክሩ ይኸው። ክፋት ከተፈጥሮ የሚመጣ ነው ወይስ ከመገፋት? መገፋትስ ነፍስ ማጥፋትን ይቅር ያሰኛል? በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው የሳይኮሎጂ፣ ሁለተኛው የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፤ የአንዱ መልስ ሌላውን አይዘጋውም። ፍጡሩ ለምን ጨካኝ እንደሆነ ብንረዳም የገደላቸው ሰዎች ደም ደም ነው። ለመምህር ደግሞ ሦስተኛ ጥያቄ አለ። ዓመቱን ሙሉ ስሙን ሳናውቀው «አንተ፣ ከኋላ የተቀመጥከው» እያልን የምንጠራው ልጅ፣ በቀዳዳ አጮልቆ ከሚማረው ከዚያ ፍጡር በምን ይለያል?

ለእኛ ሙያ ከሁሉ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የአሜሪካዊው የዳንኤል ኪይስ «አበባ ለአልጀርነን» ይመስለኛል። በመጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1959 በአጭር ልብ ወለድነት ወጣ፤ በ1966 ሰፋ ብሎ ረጅም ልብ ወለድ ሆነ። ኪይስ ራሱ የእንግሊዝኛ መምህር ነበር። ትምህርት የሚከብዳቸው ተማሪዎች በተለዩበት ክፍል ሲያስተምር፣ አንድ ልጅ ወደ እሱ ቀርቦ፣ ተግቶ ቢሠራና ጎበዝ ቢሆን ወደ መደበኛው ክፍል ይዛወር እንደሆነ እንደጠየቀው ተርኳል። ድርሰቱን ካነሳሱት ነገሮች አንዱ ይህ የልጅ ጥያቄ ነው።

የረጅሙ ልብ ወለድ ባለታሪክ ቻርሊ ጎርደን የ32 ዓመት ሰው ነው። የአእምሮ ብቃቱ ሲለካ 68 ሆኖ ተመዝግቧል። ቀን ዳቦ ቤት ይሠራል፣ በትርፍ ጊዜው ደግሞ ማንበብና መጻፍ ይማራል። የመማር ፍላጎቱ ስለበረታ መምህርቱ ለተመራማሪዎች ትጠቁመዋለች። እነሱም አልጀርነን በተባለ አይጥ ላይ የሞከሩትን ኦፕራሲዮን በእሱ ላይ ያደርጋሉ። ታሪኩ የሚነገረው ቻርሊ በሚጽፋቸው ሪፖርቶች ነው። መጀመሪያ ላይ ጽሑፉ በፊደል ግድፈት የተሞላ ነው፤ ከዚያ እየጠራ፣ እየረቀቀ ይሄዳል፤ አይጡ መዳከም ከጀመረ በኋላ ግን የቻርሊም ችሎታ ይወርዳል፣ ግድፈቱም ተመልሶ ይመጣል።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማየት የሚገባን ነገር አለ። ቻርሊ ሲበረታ በመጀመሪያ የሚገባው ነገር፣ ወዳጆቼ የሚላቸው የሥራ ባልደረቦቹ ሲስቁበት እንጂ አብረውት ሲስቁ እንዳልነበረ ነው። ዕውቀት ደስታን ብቻ ይዞ አይመጣም ማለት ነው። ዋናው ተመራማሪ ደግሞ በሳይንስ ጉባኤ ላይ ስለ ቻርሊ ሲናገር፣ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሰው እንዳልነበረ አድርጎ ይናገራል። ቻርሊ በዚህ ተቆጥቶ አይጡን ይዞ ይጠፋል። ሌላም አለ፤ በአንድ ምግብ ቤት ዕቃ የሚያመላልስ ልጅ ሳህን ሲሰብር ሰው ሁሉ ይስቃል። ቻርሊም ይስቃል! ከዚያ ልጁ ትናንት የነበረው ራሱ መሆኑ ሲገባው በተሰበሰበው ሰውና በገዛ ራሱ ላይ ይናደዳል። ትናንት የተናቀ ሰው ዛሬ ከፍ ሲል የበታቹን እንደሚንቅ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የሳይኮሎጂ ምዕራፍ አላነበብኩም። እኛም እኮ ትናንት የክፍል ተማሪ ነበርን፤ ነገ ጠመኔ ስንይዝ ይህ ነገር አያገኘንም?

አንድ የመጽሔት አዘጋጅ መጨረሻው ቻርሊ እንደተማረ ቀርቶ፣ አግብቶ እንዲኖር ሆኖ እንዲለወጥ ኪይስን ጠይቆት ነበር። ኪይስ እምቢ አለ። ደግ አደረገ እላለሁ። መጨረሻው ቢለወጥ ኖሮ «ሰው የሚከበረው ጎበዝ ሲሆን ነው» የሚል ትምህርት በሆነ ነበር። እንዳለ ሲቀር ግን «68ም ሆነ፣ ከዚያ በላይ ሆነ፣ እንደገና 68 ሆነ፣ ቻርሊ ያው ሰው ነበር» ይለናል። ከስልሳ አምስት ተማሪ ስልሳ አምስተኛ ወጥቶ «ውራ» እየተባለ ወደ ቤቱ የሚሄድ ልጅ ባለበት ትምህርት ቤት ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው።

ሌላዋ አሜሪካዊት ደራሲ ኡርሱላ ለ ግዊን እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣችው አጭር ልብ ወለድ ኦሜላስ የምትባል ደስተኛ ከተማ አለች። የከተማዋ ደስታ በሙሉ የቆመው ግን ጨለማ ክፍል ውስጥ ተዘግቶበት በሚሰቃይ አንድ ሕፃን ላይ ነው። ሕዝቡ ይህን ያውቃል። አብዛኛው ዝም ብሎ ይኖራል፤ ጥቂቶች ከተማዋን ትተው ይሄዳሉ። «ለብዙሃኑ ጥቅም ሲባል» የሚለውን አነጋገር ሁላችንም እንወደዋለን። አንድን ልጅ ተማሪዎች ፊት አቁመን መሳቂያ በማድረግ ክፍሉን ጸጥ ስናሰኝስ? ስልሳ አራቱ ጸጥ ብለው ተማሩ። አንዱስ?

ስለ መማሪያ መኪና ደግሞ አይዛክ አሲሞቭ እ.ኤ.አ. በ1951 በጻፈው አጭር ልብ ወለድ የ11 ዓመቷ ማርጂ በቤቷ ውስጥ ከመኪና ትማራለች። ጂኦግራፊው ፈጥኖባት ቢያስቸግራት ሠራተኛ መጥቶ ያዘገይላታል። በዚህ በኩል መኪናው ከብዙዎቻችን ሳይሻል አይቀርም፤ እኛ ለአንድ ልጅ ብለን መቼ እናዘገያለን? ማርጂ የምትቀናው ግን በድሮ ልጆች አብሮነት ነው። ዛሬ በስልክ የቤት ሥራ የሚሠራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። ሥራችን ማስታወሻ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስገልበጥ ብቻ ከሆነ መኪናው በልጦናል። መምህር ከዚያ ሌላ ምን እንደሚሰጥ ግን አሁኑኑ መመለስ ያለብን ጥያቄ ነው።

እርግጥ ነው፣ ተቃውሞ ይኖራል። «መጻሕፍቱ የሉም፤ ቢኖሩም እንግሊዝኛው ይከብዳል» ይባላል። ታሪኩን ያነበበ አንድ ሰው ለሌሎቹ በአማርኛ በአሥር ደቂቃ ሊተርከው ይችላል፤ ተረት የደረሰን በአፍ አይደለም እንዴ? «ልብ ወለድ ማስረጃ አይሆንም» የሚለው ደግሞ እውነት ነው። የቻርሊን ኦፕራሲዮን እንደ ሳይንስ ግኝት ጠቅሶ መከራከር ስህተት ነው። ታሪክ ጥያቄውን ያነሳልናል፤ መልሱን በጥናትና በማስተዋል መፈለግ የእኛ ፈንታ ነው።

ስለዚህ በወር አንድ ታሪክ መርጠን በክበብ ወይም በሳይኮሎጂ ክፍለ ጊዜ እንድንወያይበት ሐሳብ አቀርባለሁ። ለመጀመሪያው «አበባ ለአልጀርነን» ቢሆን እመርጣለሁ። መነሻ ጥያቄዎቹም እነዚህ ቢሆኑስ? ቻርሊ በኦፕራሲዮኑ ሲስማማ ምን እንደሚመጣበት ያውቅ ነበርን? መምህርቱ እሱን መጠቆሟ ትክክል ነበርን? እኛስ በእሷ ቦታ ብንሆን? መምህራኖቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን፦ ክርክሩ ሲጦፍ «የታሪኩ ትምህርት ይህ ነው» ብላችሁ አትዝጉብን። የተለየ አስተያየት ያለውም ሰው በዚሁ ጋዜጣ ላይ ይጻፍ፤ እናነበዋለን።