ጦሃራ ከአጥር ውጭም ነው



በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰው የንጽሕናን ጥቅም የሚያስረዳው አያሻውም። ልብሱንና መስገጃውን ከነጃሳ ይጠብቃል። እናቶቻችንም ደጃፋቸውን ጠርገው ውሃ ይረጩበታል። ጥያቄው የተጠረገው ጥራጊ የት ይደርሳል የሚለው ነው። ከአጥር ውጭ ባለው ባዶ ቦታ ላይ የሚደፋ ከሆነ ጦሃራችን በራችን ላይ ቆመ ማለት ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ሰውን የሚያውክ ነገር ከመንገድ ማስወገድን ከኢማን ቅርንጫፎች ቆጥረውታል። ሰው በሚያልፍበት መንገድና በሚያርፍበት ጥላ ሥር ከመጸዳዳትም አስጠንቅቀዋል። መንገዱም ጥላውም የጋራ ነውና።

«የማንም» የምንለው ቦታ በእውነቱ የሁላችንም ነው። ለዚህ ካይሮ ጥሩ ምሳሌ ትሆነናለች። በአዝሐር መስጊድ አቅራቢያ በሚገኘው የደራሳ ኮረብታ ላይ ለ500 ዓመታት ያህል የከተማይቱ ፍርስራሽና ጥራጊ ሲከመር ኖሯል። በአዝሐር የጀበርት ሪዋቅ አድረው ኪታብ የቀሩ የሀገራችን ደረሶችም ጎረቤታቸው ይኸው ክምር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1984 አጋ ኻን አራተኛ በዚያ ስፍራ ላይ ለከተማይቱ መናፈሻ ለማበርከት ወሰኑ። መናፈሻው የተከፈተው ግን ከ21 ዓመት በኋላ በ2005 ነው። አፈሩ ጨዋማ ነበር። ለከተማይቱ የመጠጥ ውሃ የሚሆኑ፣ እያንዳንዳቸው 80 ሜትር ስፋት ያላቸው ሦስት ጋኖች ከሥሩ መቀበር ነበረባቸው። ከ1.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አፈርና ፍርስራሽ ተነሣ። በቁፋሮው ጊዜም ከሰላሑዲን አል-አዩቢ ዘመን የቆየ 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል የከተማ ቅጥር ተገለጠ። ዛሬ 30 ሄክታሩ ቦታ ዘንባባና የውሃ ፏፏቴ ያለበት አትክልት ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ያለው ግን ከግርጌው በደርብ አል-አሕመር ሰፈር ነው። ቦታ ሲያምር ድሃ የሚገፋበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያ ግን የነዋሪዎች ቤቶች ታደሱ፤ የሰፈሩ ወጣቶችም አናጢነትና የድንጋይ ጠረባ ተምረው በሥራው ተሳተፉ። መናፈሻው በክፍያ የሚገባበት መሆኑን ደግሞ ልብ እንበል። አምስት ልጅ የያዘች እናት በሩ ላይ ሳንቲም መቁጠሯ አይቀርም። የሰፈር አትክልት ስናለማ በሩ ለድሃ ክፍት ይሁን።

ጥራጊ ከዓይናችን ቢርቅም ከሌላ ሰው ጎጆ አጠገብ ያርፋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከሞቱትም ብዙዎቹ እዚያው ዳር የሚኖሩ ነበሩ።

እንግዲህ በሰፈራችን ምን ይደረግ? ወጣቶች ሆይ፣ ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት የሰፈሩ ጥራጊ ወደ ፊት የት እንደሚሄድ ከቀበሌው፣ ከቆሻሻ ሰብሳቢዎችና ከጎረቤት ጋር ተስማሙ። ይህ ካልሆነ ክምሩ በወሩ ይመለሳል። ስታጸዱ ጫማና ጓንት አድርጉ፤ ስባሪ ጠርሙስና መርፌ አይጠፋምና። የባትሪ ድንጋይና የብረት ዝቃጭ አፈሩን ስለሚበክሉት ለምግብ የሚሆን ጎመን አትዝሩበት። ለጥላ የሚሆን ዛፍና አበባ ይቅደም። ተረኛ ውሃ አጠጪም መድቡ። ችግኝ የሚደርቀው በተከላው ቀን ሳይሆን ዝናቡ ሲያቆም ነው።

ሙስሊም ከተከለው ተክል ሰው፣ እንስሳ ወይም ወፍ ቢበላ ሶደቃ ሆኖ ይጻፍለታል። ቂያማ ቢደርስ እንኳ በእጁ ችግኝ ያለው ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክል ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አዘዋል። አላህ (ሱ.ወ.) ከሚተክሉትና ከሚንከባከቡት ያድርገን። አሚን።