አንዱን ቅዳሜ ጫካ እናውለው



የልጆቻችን አማርኛ ከቤት አልወጣም። «ና ብላ»፣ «ጫማሽን አውልቂ» ሲባሉ አሳምረው ይሰማሉ። መልሳቸው ግን «እሺ» ነው፣ ካልሆነም እንግሊዝኛ። እንዲህ ከቀጠለ ቋንቋው የትእዛዝ መቀበያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አንዱን ቅዳሜ ከክፍል ወጥተን የአውሬ ዱካ ፍለጋ እንሂድ እላለሁ።

ቦታ አላጣንም። የፎርት ዎርዝ ኔቸር ሴንተር ከ3,600 ኤከር በላይ ነው፤ አስጎብኚ ያለበት የእግር ጉዞም ያዘጋጃል። ለጋርላንድና ለሪቻርድሰን ሰው ደግሞ የስፕሪንግ ክሪክ ደን ቅርብ ነው። አውሬዎቹ ቀን ላይ እምብዛም አይታዩም፤ ምልክታቸው ግን ሞልቷል። ጭቃ ላይ የሕፃን እጅ የሚመስል ባለ አምስት ጣት ዱካ ካለ ራኩን ነው። የጥፍር ምልክት ካለው ውሻ ወይም ካዮቲ ይሆናል፤ ከሌለው ቦብካት የሚሏት የዱር ድመት ልትሆን ትችላለች፤ ድመት ስትራመድ ጥፍሯን ትሸሽጋለችና። እንደ እርሳስ የተቀረጸ ጉቶ የቢቨር ጥርስ ሥራ ነው።

«የእነዚህን ስም በአማርኛ መች እናውቃለን?» ትሉ ይሆናል። ራኩን ራኩን ይባል፣ ግድ የለም። ዋናው ጥያቄው ነው፦ «ምን በልቷል? ወዴት ሄዷል? በምን አወቅሽ?» ልጆቻችን «ሄደ» ማለት ይችላሉ። ዱካውን አይቶ «በዚህ አልፏል፣ እዚህ ቆፍሯል» ማለት ግን ሌላ ነው፤ በ«እሺ» አይታለፍም።

ደግሞ አያቶችን ይዛችሁ ኑ። ገጠር ያደጉት የላሙን እበት፣ የአህያውን ፋንድያ፣ የፍየሉን በጠጥ፣ የዶሮውን ኩስ ለይተው ይጠራሉ። የቴክሳስ አጋዘን የሚጥለውም ቁርጥ በጠጥ ነው። ልጆቹ መሳቃቸው አይቀርም፤ የሳቁበትን ቃል ደግሞ አይረሱትም። እንግሊዝኛ ስለማይችሉ እዚህ አገር ዝም ያሉት አያት ያን ቀን አስተማሪ ይሆናሉ።

አስጎብኚው በእንግሊዝኛ ነው የሚናገረው፤ አማርኛው የኛ ድርሻ ነው። ስለዚህ ልጁን አድርሳችሁ አትመለሱ፣ አብራችሁ ተራመዱ። ለመዥገሩና ለእባቡ ረጅም ሱሪና ሽፍን ጫማ አልብሷቸው፤ ያገኙትን በዓይን እንጂ በእጅ አይንኩ።

ሐሳቡ ከተስማማችሁ ለልጃችሁ መምህር ንገሩ። ሙቀቱ ሳይብስ ቀን እንቁረጥ።